ተከሳሽ የሌለው ማመልከቻ

እንጅባራ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለያለምወርቅ፣ አዲስ አበባ

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ቆይ! ይህችን «ደህና ነኝ» የምትለዋን አያ ክንዴ ከልማዳቸው የጻፏት ናት፤ እኔ አላልሁም። ይሰርዙልኝ ብላቸው «ስርዝ ያለበት ደብዳቤ ነውር ነው» አሉኝ። እንግዲያው ስታነቢ አንቺው ሰርዢያት። ደህና አይደለሁም።

አያ ክንዴን መቼም አትረሻቸውም፤ ከፍርድ ቤቱ ጣራ ሥር ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉት ናቸው። የአባታችንን የርስት ሙግት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የጻፉ እሳቸው ናቸው። ሸጋ ስድስተኛ ክፍል ደርሳ ሳለ ለምን በባዳ እጅ ታስጽፊያለሽ ብለሽኛል። ልጄ የእናቷን ጉድ በገዛ እጇ እንድትጽፍ አልፈልግማ! የአንቺንም መልስ የሚያነቡልኝ እሳቸው ናቸው። ስንት የባልና ሚስት ጠብ ሆዳቸው ውስጥ ተቀብሯል፤ የእኔም እዚያው ይቀበር።

ስለ ዘንገና ሐይቅ ከማን እንደ ሰማሽ አልጠይቅሽም። «ምን ሆነሽ ነው ብቻሽን ሐይቁ ዳር የተገኘሽው?» ላልሽው ግን ዛሬ አልመልስም። ሌላውን ልመልስ።

እንቅልፍ የለኝም። እህል አፌ ውስጥ አመድ አመድ ይላል። የክረምቱ ድንች ሳይወጣ መሬት ውስጥ በሰበሰ፤ አይቼው አለፍሁ። እኔ፣ ስሜነሽ! ለአንድ ቁና ድንች ከጎረቤት የምጣላው ሴትዮ! ልጅ አልሞተብኝ፣ ከብት አላለቀብኝ፣ ባሌ አበረም እጁን አንስቶብኝ አያውቅም። ግን ማለዳ ስነቃ ዕንባዬ ቀድሞኝ ነቅቷል። ሆድ ባሰኝ እንዳልል ሆዴን ያስባሰው የለ።

ሐኪም አልታየሽም ወይ? ታየሁ እንጂ! አበረ ሦስት ጊዜ ዳንግላ ወስዶኛል፤ በዚህስ አይታማም። ግን ደንቡን ታውቂዋለሽ፤ ባል ባለበት ሚስት አፏን አትከፍትም። ሐኪሙ «ምንዎን ነው?» ይለኛል፤ አበረ «ሆዷን ነው» ይላል። ሦስት ጊዜ የትል መድኃኒት ጠጣሁ። አሁን ሆዴ ውስጥ ትል ቀርቶ የትል ወሬ የለም። ሀዘኑ ግን ከነበረበት አልተነቃነቀም።

ለምን እንደሚደብቅ አይጠፋኝም። ሸጋን ለጥሊሊው ለግራዝማች ደርበው ልጅ አጭተናታል። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ዘር እያጣሩ ነው፤ ሰባት ቤት ወደ ኋላ ይቆጥራሉ። እናቷ መንፈሷን ታማለች የተባለ እንደሁ «ከእብድ ዘር» ብለው ይመለሳሉ። አበረም «ዝም አይነቅዝም» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ዝምታው አልነቀዘም። የነቀዝሁት እኔ ነኝ።

እህትሽ ስሜነሽ

(ከጸሐፊው ከክንዴ፦ የተባለውን ሁሉ ሳላጎድል ጽፌአለሁ። «ደህና ነኝ» የሚለውን ያልሰረዝሁት ስለ ደብዳቤው ክብር ነው።)


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 14 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ስሜነሽ

አያ ክንዴ፣ ጤና ይስጥልኝ። እባክዎ ይህን ዝቅ ባለ ድምፅ ያንብቡላት።

እታለም፣ ሰርዤዋለሁ። በቀይ እርሳስ፣ ሁለት ጊዜ።

መጀመሪያ ይቅርታሽን ልለምን። ባለፈው ክረምት አለቃዬ ፈቃድ ከልክላኝ ቀረሁ ብዬ የጻፍሁልሽ ውሸት ነበር። ፈቃዱ ተሰጥቶኝ ነበር። የፈራሁት አንቺን ከስተሽ፣ ዓይንሽ ፈዝዞ ማየት ነው። ልጅ ሆኜ የሚመታኝን ሁሉ የምትመቺልኝ አንቺ ነበርሽ፤ አንቺ ስትወድቂ ማየት አልቻልሁም።

እንደምታውቂው የሆስፒታሉን አንሶላ የማጥብ ነኝ፤ የታጠበውን ወደ መኝታ ክፍሎቹ የማደርሰው እኔ ነኝ። እዚያ ያየሁትን ልንገርሽ። አንዲት የትልቅ ሰው ሚስት ነበረች፤ ሁለት ዓመት አልቅሳለች። ሐኪሙ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጠየቃት፤ እሷም በገዛ አፏ ነገረችው። እኔ አንሶላ አነጥፋለሁ፣ ጆሮዬ እዚያ ነው። እብድ አላላትም። አልሳቀም። ልክ እንደ ወባ ስም ያለው በሽታ ነው አላት። እኛ ሆስፒታል ሦስት ወር ተኝታ በእግሯ ሄደች።

ይህ ነገር እንደ እባጭ ተዳብሶ አይገኝም፣ እታለም። ሐኪም የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? መቼ እንደ ጀመረሽ ንገሪው። እንቅልፉን፣ እህሉን፣ ዕንባውን ንገሪው። ሐይቁንም ንገሪው። ለእኔ ባትነግሪኝ እንኳ ለእሱ ሐይቁን እንዳትተዪ። አበረንም «አንተ ውጪ ቁም» በዪው።

ታናሽሽ ያለምወርቅ


እንጅባራ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለያለምወርቅ

ሰላምታውን ዘለልነው፤ አያ ክንዴ እያጉረመረሙ ነው።

አልሁት። «አንተ ውጪ ቁም» አልሁት። «ሚስቱ ከሐኪም ጋር በር ዘግታ ተቀመጠች ሊሉኝ ነው? ሰው ምን ይለኛል?» አለ። ሰው! ይህ ሰው የሚባለው ማነው? ዕድሜዬን ሙሉ ስፈራው አንድ ቀን እንኳ ቤቴ መጥቶ ድንች አልቆፈረልኝም።

የንስሐ አባቴን አማከርሁ። ጠበሉን አልነቅፍም፣ ተጠምቄአለሁ፣ ቀዝቅዞልኝ ያውቃል፤ እሳቸው ግን ስለ ሐኪሙ ሲሆን «ባልሽ ይናገርልሽ» አሉኝ። ስለዚህ ተቀምጬ አሰብሁ። በዚህ አገር ደሀ ከሹም ፊት የሚደርሰው በምንድነው? በማመልከቻ! ንጉሥ ዘንድ እንኳ በማመልከቻ ይደረሳል። ሐኪም ከንጉሥ አይበልጥ። አፌ ካልተፈቀደለት ወረቀት ይናገርልኛል።

ይኸው አያ ክንዴ ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፈውልኛል። እኔ እያለቀስሁ የነገርኋቸውን እሳቸው በሕግ ቋንቋ አሳምረውታል። ያንብቡልኝ ብላቸው «የሙግት ጽሑፍ በችሎት እንጂ በደጅ አይነበብም» ብለው አጥፈው አተሙብኝ። ይሁን። የፊታችን ማክሰኞ ዳንግላ እንወርዳለን፤ ወረቀቱን መቀነቴ ውስጥ እሸጉጠዋለሁ፤ አበረ አያውቅም።

አትፍሪልኝ። አሥራ አንድ ዓመት ተሟግቶ የረታ ሰው ልጅ ነኝ። ለዚህች ለቅሶ አልረታላትም!

ስሜነሽ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 18 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም

ሁለት ወር ሙሉ ዝም አልሽኝ። ከእናንተው ከተማ ከኮሶበር በጭነት መኪና የመጣ ሰው አገኘሁ፤ የነገረኝ ነገር ደሜን አቆመው። ባልሽን ከሰሽዋል? በሐኪም ፊት? እሱም ወንድሞቹን ሰብስቦ ሊፈታሽ መከረ የሚባለው እውነት ነው? ዕቃሽን አስጭኗል ይላሉ። ማመልከቻው ላይ ምን ነበር የተጻፈው? አያ ክንዴ፣ ምንድነው የጻፉት?

እኔ ነኝ ተናገሪ ያልሁሽ። አንድ ቃል እንኳ ላኪብኝ።

ያለምወርቅ


እንጅባራ፣ መጋቢት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለያለምወርቅ

አልሞትሁም፣ አልተፈታሁም፣ ዕቃዬም አልተጫነም። የጭነት መኪና ወሬ ሁልጊዜ ትርፍ ይጭናል። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ዳንግላ ደረስን፣ ተራችን ደረሰ፣ ገባን። ሐኪሙ ልጅ እግር የሸዋ ሰው ነው፤ አገውኛ አይሰማም። አበረ «ሆዷን» ሊል አፉን ሲከፍት ወረቀቱን ከመቀነቴ አውጥቼ በሁለት እጄ ለሐኪሙ ሰጠሁት። እሱም ማኅተሙን ቀዶ ጮክ ብሎ አነበበው። ምነው ያን ጊዜ ጆሮዬን በደፈነው!

«ከሳሽ፣ ወይዘሮ ስሜነሽ። ተከሳሽ፣ አቶ አበረ። የክሱ ምክንያት፣ ተከሳሹ ከሳሽዋን በሕግ አግብቶ ሲያበቃ የልብ ደስታዋን ስለ ነሳት…»

አያ ክንዴ! (እዚህ ላይ ብዕራቸውን አስቀምጠው ነበር፤ ይጻፉ ብያቸዋለሁ።) ለካ እሳቸው ሠላሳ ዓመት ሲጽፉ ተከሳሽ የሌለው ማመልከቻ ዓይተው አያውቁም። የሚያለቅስ ካለ የበደለ አለ ብለው፣ ከሁሉ ቅርብ የሆነብኝን ሰው ጻፉት።

አበረ ተነሳ። ፊቱ ጠቆረ። «ከሰስሽኝ?» አለኝ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብሎ ነው ያለው፤ ያ አንጀቴን በላው። ያን ጊዜ ደንብም ነውርም ጠፋኝ። ተነሳሁና ሐኪሙን «ወረቀቱን ይተዉት፣ እኔን ይስሙኝ» አልሁት። «ማንም አልበደለኝም። በሽታዬ ይኸው ነው! ተከሳሽ ቢኖረውማ ይኼኔ ረትቼው ነበር!»

በአማርኛ ጀመርሁ። ልቤ ሲሞላ አማርኛው ከዳኝና በእናታችን ቋንቋ ቀጠልሁ። ምን ያህል እንደ ተናገርሁ አላውቅም። ሐኪሙ አንድ ቃል ሳይገባው እስክጨርስ ድረስ አላቋረጠኝም። ከዚያ ወደ አበረ ዞሮ «ያሉትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይንገሩኝ» አለው።

አየሽ ያለሜ፣ ሦስት ጊዜ ስለ እኔ የተናገረው ሰው አሁን የእኔን ቃል ሊናገር ነው። እንቅልፌን ነገረው። ዕንባዬን ነገረው። ሐይቁ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። «መስከረም ላይ ከብት ላጠጣ ወርጄ ዘንገና ዳር ተቀመጥሁ ነው የምትለው» አለ አበረ። «ገብቼ ልረፍ ብዬ ነበር ነው የምትለው። ላሚቱ ጮኸች፣ ሳትታለብ መዋሏ ትዝ አለኝ፣ ለእሷ ብዬ ተነሳሁ ነው የምትለው።» ይህን ብሎ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። እንግዲህ በጥቅምት የጠየቅሽኝን መለስሁልሽ።

ሐኪሙ እብድ አላለኝም። «የመንፈስ ጭንቀት ይባላል፣ በሽታ ነው፣ ይታከማል» አለኝ። እንክብል ሰጠኝ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ማክሰኞ ማክሰኞ እየመጣሁ እንድነግረው አዘዘኝ፤ ከእንክብሉ ይልቅ ይህን እንዳልተው አስጠነቀቀኝ። አበረንም ወደ ሐይቁ ብቻዬን እንዳልወርድ ነገረው። አሁን ከብቱን የሚያወርደው አበረ ነው።

ወንድሞቹን ሰብስቦ ነበር ወይ? አዎ፣ ሰብስቦ ነበር። ደጅ ላይ ተራ የሚጠብቀው ሕዝብ «ሚስቱ ከሰሰችው» ብሎ አገር ሞላው፤ አበረም ወንድሞቹን ጠርቶ «አልከሰሰችኝም፣ ታማለች» አላቸው። ሃያ ዓመት አብሬው ኖሬ እንዲህ ያለ ወንድ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ነገር ግን ያቺው «ታማለች» ጥሊሊ ደርሳለች ይሉናል።

ስሜነሽ

(ከክንዴ፦ በገዛ እጄ ጽፌ ሰው አስቀየምሁ። ይህን ደብዳቤ ያለ ዋጋ ጽፌአለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።)


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም

ደብዳቤሽን ልብስ ማጠቢያው ቤት፣ ከገንዳው ኋላ ቁጭ ብዬ አነበብሁት። ላሚቱን አንድ ነገር አድርጊልኝ፣ ጨው ግዢላት። ከደብዳቤው ጋር የላክሁት ብር ለእሷ ነው።

አሁን የምጽፈውን እያፈርሁ ነው የምጽፈው። አበረ በወንድሙ እጅ ልኮብኛል። ግራዝማች ደርበው «ወይ እናቲቱ በሽማግሌ ፊት በሽታዬ የሆድ ነው ትበል፣ ወይ ነገሩ ይቅር» ማለታቸውን ሰማሁ። ከፋሲካ በኋላ ሊመጡ ነው። አበረ «እኔ ዳግመኛ አልናገርላትም፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» ነው የሚለኝ።

እታለም፣ ለሸጋ ስትዪ ለአንድ ቀን ብቻ «ሆዴን ነው» ብትዪስ? ሰርጉ ይለፍና ከዚያ እንደ ልብሽ ትናገሪያለሽ። ልጅቱ ስሟ ከጠፋ ማን ያገባታል? እኔ ሳላገባ የቀረሁት ይብቃ። አትቆጪኝ።

ያለምወርቅ


ዘንገና፣ ግንቦት 20 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለያለምወርቅ

ደህና ነኝ አልልሽም። ከጥቅምቱ ግን ይሻለኛል። ሌሊት አራት ሰዓት ያህል እንቅልፍ ይወስደኛል። ትናንት የሽሮው ጨው ማነሱ ታወቀኝና ደስ አለኝ። ዕንባው አልቀረም፤ አንዳንድ ማለዳ አሁንም ቀድሞኝ ይነቃል። ይንቃ! እኔም እነሳለሁ።

የእጅ ጽሑፉ መለወጡን አይተሻል። የምትጽፍልኝ ሸጋ ናት፤ እዚሁ ቤታችን ቁጭ ብለን ነው። የምደብቃት ነገር ስላለቀብኝ ነው። አያ ክንዴ ትንሽ ተቀይመዋል፤ ይለፍላቸዋል።

አንቺም ፈራሽ? ኧረ እቴ! ሦስት ጊዜ በሰው አፍ የተባለውን አራተኛውን በገዛ አፌ ልበለው? አልቆጣሽም፣ ፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ስትባይ ነው ያደግሽው፤ ለሰርግ ሲሆን ተረቱ ይሻራል እንዴ?

ሸጋን ጠየቅኋት። «የሚፈርሰው ያንቺ ጎጆ ነው፣ ምን ልበል?» አልኋት። («ያልሁትን አልጽፍም» ብላኛለች፤ ጻፊ ብያታለሁ።) «በውሸት ከገባሁ፣ አንድ ቀን እኔን ሲያመኝ ለማን ልናገር ነው?» አለችኝ። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው! አቅፌ ሳምኋት።

ሽማግሌዎቹ አምስት ሆነው መጡ። ግራዝማች በፈረስ ናቸው፣ ካባቸውን ደርበዋል። ተቀመጡ። «ስሜነሽ፣ ምንሽን ነው የሚያምሽ?» አሉኝ። አበረ አጠገቤ ነበር። አየሁት። አፉን አልከፈተም። ያን ዕለት ዝም ማለቱ ከሃያ ዓመት ንግግሩ ሁሉ በለጠብኝ።

ነገርኋቸው። ሁሉንም። የበሰበሰውን ድንች፣ ዕንባውን፣ ሐይቁን፣ ሐኪሙን፣ እንክብሉን። «እብድ አይደለሁም» አልኋቸው። «ብሆንም ኖሮ አልደብቅም ነበር። ልጄ የእኔ ልጅ ናት። ከወደዳችኋት ውሰዷት፤ ካልወደዳችኋት የመጣችሁበት መንገድ አልታረሰም።» አንዱ ሽማግሌ ሳል ያዘው። ሁሉም ጠላውን ሳይነኩት ተነሱ። ሸጋ ጠላውን አንስታ ወደ ጋኑ መለሰችው።

ብዙም አልቆየ፣ የፈረስ ኮቴ ሰማን። ግራዝማች ብቻቸውን ተመልሰዋል። «አለንጋዬን ረስቼ» አሉ። አለንጋው እጃቸው ላይ ነው። እኔም አላየሁም፣ አበረም አላየም። ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ያ ሐኪም የሚቀመጠው በምን በምን ቀን ነው?» አሉኝ።

ለማን ነው ብዬ አልጠየቅሁም። «ማክሰኞ» አልኋቸው።

«ማመልከቻ ይጠይቃል?»

«አይጠይቅም። አፍዎን ብቻ ይዘው ይሂዱ» አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ሄዱ። ስለ ሰርጉ አላነሱም፣ እኔም አላነሳሁም።

ባለፈው ማክሰኞ ቀኔ ነበርና ዳንግላ ወረድሁ። አበረ ከእኔ ጋር መጥቶ እንደ ፊተኛው ሳይሆን ሐኪም ቤቱ ደጅ ካለው ዛፍ ሥር ቀረ። ይህን የምጽፍልሽ ምስጢር ስላልሆነ ነው፤ ያየ ሁሉ አይቷል። ግራዝማች ደርበው በጠራራ ፀሐይ፣ ከገበሬው ጋር፣ ከአግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸውን አልሸፈኑም። ያ የሸጋ እጮኛ ልጃቸው ባርኔጣቸውን ይዞ ከኋላቸው ቆሟል። ሌላ ቦታ አልነበረም።

«ፈቀቅ ይበሉልኝ» አልኋቸው። ፈቀቅ አሉ። ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሳቸው መሬቱን በከዘራቸው ይጭራሉ፣ እኔም ጫማዬን አያለሁ። በመጨረሻ ሳያዩኝ «እንግዲህ ስሜነሽ፣ ዘር ማጣራቱ አለቀ» አሉኝ። ሳቅሁ፣ ያለሜ! በዓመቴ ሳቅሁ፤ ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ወዲያው የእሳቸው ስም ተጠራ። ተነሱ። ልጁም እንደ ደንቡ አብሯቸው ሊገባ፣ ሊናገርላቸው፣ ከኋላ ተከተለ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙና ባርኔጣቸውን ከእጁ ተቀበሉት።

«አንተ ውጪ ቁም» አሉት።

ስሜነሽ